በሥዕል ላይ ነፍስ የዘራው ሰው፤ የዋልት ዲስኒ የሕይወት ታሪክ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት፣ ለመጽሔቱ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ጻፉ ተብለን በታዘዝን ጊዜ፣ ከ12ኛ ክፍል ጓደኞቻችን አብዛኞቹ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር መሪዎች ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። በጎንደር ተወልዶ ያደገ ተማሪ ስለ ዐፄ ፋሲል ቢጽፍ፣ ወይም ከቋራ ተነሥተው ስለ ነገሡት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ቢጽፍ የሚያስደንቅ አይደለም። እኛ ግን የመረጥነው ዘውድ ያልጫነ፣ ጦር ያልመራ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ ያልጨረሰ አንድ ሥዕል ሣይ ነው። ይህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት ስላለን አስቀድመን እርሱን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን፣ ወላጆችንና ታናናሽ ወንድሞቻችንን እኅቶቻችንን በአዳራሽ ሰብስበን አንድ የካርቱን ፊልም እንድናሳይ ለእኛ ለተማሪዎች ኮሚቴ ኃላፊነት ተሰጥቶን ነበር። እኛም ካርቱን ሁሉ ለልጅ የተሠራ መስሎን፣ የሽፋኑን ቀለም አይተን ብቻ አንዱን መረጥን፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየው ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ፊልሙ ተጀምሮ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው አንድ አስፈሪ አውሬ ብቅ ሲል ሕፃናቱ ጮኹ፤ እናቶችም ነጠላቸውን በልጆቻቸው ዓይን ላይ ጣል አደረጉ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በአባትና በእናት ፊት የማይነገር ቀልድ መጣ። በዚያን ጊዜ አንዲት የተከበሩ አሮጊት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ይህን የመረጠው ማን እንደ ሆነ ጮክ ብለው ጠየቁ። ከእኛ ውስጥ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ቤተሰቡም አንድ በአንድ እየተነሣ ወጣ።

ዘንድሮ ያው ሥራ ተመልሶ ለእኛ ተሰጠ። እንግዲህ ያለፈውን ስሕተት እንዳንደግም ብለን፣ ይህን ዓይነት ፊልም ለቤተሰብ ማቅረብን ማን እንደ ጀመረውና በምን አሳብ እንደ ሠራው ልንመረምር ተነሣን። መርምረን ያገኘነውን የዋልት ዲስኒን ታሪክ ነው ከዚህ በታች የምናቀርበው። በእርሱ ታሪክ ውስጥ የምንጠራቸው ዘመናት በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአገራችንን ነገር ስንናገር ግን ዓ.ም. ብለን እንለያለን።

ዋልተር ኢላያስ ዲስኒ በዲሴምበር 5 ቀን 1901 በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢላያስ፣ እናቱ ፍሎራ ይባላሉ፤ እርሱም ከአምስት ልጆች አራተኛው ነበር። አባትየው ታታሪና ቁጡ ሰው ሲሆን፣ የጀመረው ሥራ ሁሉ አልቃና እያለው ቤተሰቡን ይዞ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወር ኖረ። በ1906 በሚዙሪ ክፍለ አገር ማርሰሊን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ እርሻ ገዝተው ገቡ። በዚያ እርሻ ላይ አሳማው፣ ዶሮው፣ ፈረሱና ዛፉ ሁሉ ለትንሹ ዋልት ጓደኛ ሆኑለት። በወገራና በዳባት ሜዳ ከብት እየጠበቀ ያደገ ልጅ የእያንዳንዱን ላም ጠባይ እንደሚያውቅ፣ እርሱም የእንስሳትን አረማመድና አተያይ ሳያውቀው አጠና።

ሥዕልም የጀመረው በዚያው ነው። አንድ ቀን ከታናሽ እኅቱ ከሩት ጋር ሆኖ በርሜል ሙሉ ሬንጅ አገኙና፣ ነጭ ቀለም በተቀባው የቤታቸው ግድግዳ ላይ በዱላ እየነከሩ ሥዕል ሣሉበት። ሬንጁ አልለቅ ብሎ ግድግዳው እንደ ቆሸሸ ቀረ፤ አባታቸውም እጅግ ተቈጣ። በአንጻሩ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ጎረቤታቸው ፈረሱን አቁሞ ዋልት እንዲሥልለት ጠየቀውና ገንዘብ ከፈለው። ያ ሥዕል ያን ያህል ያማረ አልነበረም ይባላል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ሰው ሥራውን አክብሮ እንደ ገዛለት ልጁ እስከ ሕይወቱ መጨረሻ አልረሳውም። ታላላቆች ለልጅ የሚሰጡት ጥቂት ማበረታቻ ምን ያህል እንደሚቆይ ከዚህ ይታወቃል።

እርሻው ስላላዋጣ ተሸጠና ቤተሰቡ በ1911 ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደ። በዚያም አባትየው ጋዜጣ የማደል ሥራ ያዘ፤ ዋልትና ታላቅ ወንድሙ ሮይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እየተነሡ በየቤቱ ደጃፍ ጋዜጣ ያድሉ ነበር። ዋልት ይህን ሥራ ከስድስት ዓመት በላይ በበረዶም በዝናብም ሠራ፤ አባቱ ግን ምግብና ልብስ መስጠቱ ይበቃል በማለት ደመወዝ አልከፈለውም። ልጁም በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ያንገላጅጀው ስለ ነበር በትምህርቱ ጎበዝ አልነበረም። ይህን ስናነብ ከደባርቅና ከጃናሞራ ገጠር ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው፣ በከተማ ውስጥ ትንሽ ቤት ተከራይተው፣ ሌሊት እንጀራቸውን እየጋገሩ ቀን የሚማሩት ጓደኞቻችን ትዝ አሉን። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም።

በ1917 ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ተመለሰ። ዋልት በዚያ ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ማታ የሥዕል ትምህርት ቤት ይማር ጀመር። ነገር ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እየተፋፋመ ስለ ነበር፣ በ1918 ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ የትውልድ ዘመኑን አሳስቶ ሞልቶ በቀይ መስቀል የአምቡላንስ ነጂነት ተቀጠረ። ፈረንሳይ አገር የደረሰው ግን ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ነው። ሐሰቱን እኛ አናመሰግንም፤ ደግሞም ከዚያ ዘመን ጀምሮ የለመደው ሲጃራ ምን እንዳደረሰበት በስተ መጨረሻ እንናገራለን።

ከፈረንሳይ ሲመለስ በካንሳስ ሲቲ የማስታወቂያ ሥዕል የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ገባ። በዚያም እንደ እርሱ ወጣት ከሆነው አብ አይወርክስ ከሚባል ብልህ ሥዕል ሣይ ጋር ተዋወቀ። ሁለቱም ሥዕልን በፊልም ማንቀሳቀስን ከመጻሕፍትና ከሥራ ላይ ተማሩ። ዋልት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተረት በካርቱን የሚሠራ የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ ነገር ግን ፊልሙን የገዙት ሰዎች ሳይከፍሉት ስለ ቀሩ በ1923 ከሰረ። የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶት በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ይተኛ ነበር፤ ገላውንም የሚታጠበው በሳምንት አንድ ጊዜ በባቡር ጣቢያው መታጠቢያ ቤት ነበር። በዚያው ዓመት 40 ዶላር በኪሱ ይዞ በባቡር ወደ ሆሊውድ ሄደ። በኦክቶበር 16 ቀን 1923 ከወንድሙ ከሮይ ጋር የዲስኒ ወንድማማቾችን ድርጅት መሠረተ። ዋልት አሳቡን ያመነጫል፣ ሮይ ሒሳቡን ይይዛል፤ ይህም የሥራ ክፍፍል እስከ ሞት ድረስ ሳይፈርስ ኖረ። በ1925 በድርጅቱ ውስጥ ትሠራ ከነበረችው ከሊሊያን ባውንድስ ጋር ተጋባ።

አሁን አንባቢያችን የካርቱን ፊልም እንዴት እንደሚሠራ እንዲያውቅ ጥቂት እናስረዳ። ሥዕል በራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚንቀሳቀስ የሚመስለው ዓይናችን ስለሚታለል ነው። አንዲት አይጥ እጇን ስታነሣ ለማሳየት፣ እጇ ጥቂት በጥቂት ከፍ ያለበትን ብዙ ሥዕል በየተራ መሣል ያስፈልጋል። ሥዕሎቹ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ሴሉሎይድ ላይ ተገልብጠው ቀለም ይቀቡና፣ ከመልክዐ ምድሩ ሥዕል በላይ ተነጥፈው አንድ በአንድ በካሜራ ይነሣሉ። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ምስል በዓይን ፊት ያልፋል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ 1,440 ምስል ይፈልጋል፤ 83 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ደግሞ 119,520 ምስል ይሆናል ማለት ነው። አንዳንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ቢነሣም እንኳ ድካሙ እጅግ ብዙ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ከዚህ ሥራ የበለጠ ምሳሌ ያለው አይመስለንም።

የጎንደር ሰው ለዚህ ጥበብ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው፣ ግድግዳው ታሪኩን በሥዕል ተራ በተራ ሲተርክ፣ ከጣሪያውም የመላእክት ፊት በረድፍ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከተው ያያል። ማንበብ የማይችል ምእመንም ታሪኩን ከሥዕሉ ይማር ነበር። በዲስኒ መሥሪያ ቤትም ፊልሙ ከመሠራቱ በፊት ሥዕሎቹን በሰሌዳ ላይ በተርታ ሰክቶ ታሪኩ የሚያምርና የማያምር መሆኑን መመርመር የተለመደ ሥራ ሆነ። ልዩነቱ የእኛዎቹ ሥዕሎች ቆመው ሲናገሩ የእርሱ ሥዕሎች እየሮጡ መናገራቸው ነው።

በ1927 ኦስዋልድ የሚባል ጥንቸል ፈጠረና ሕዝቡ ወደደለት። በ1928 ግን ዋጋ እንዲጨመርለት ለመጠየቅ ኒው ዮርክ ሲሄድ፣ አከፋፋዩ ቻርልስ ሚንትስ ጥንቸሉ በውሉ መሠረት የዲስኒ እንዳልሆነ አስታወቀው፤ ከሠራተኞቹም አብዛኞቹን ቀድሞ አስማምቶ ወስዶበት ነበር። ዋልት ባዶ እጁን ቀረ። አብ አይወርክስ ግን አልከዳውም። ሁለቱ ተመካክረው አንዲት አይጥ ፈጠሩ፤ ዋልት ሞርቲመር ሊላት ሲያስብ ሚስቱ ስሙን ስላልወደደችው ሚኪ ተባለ። በኖቬምበር 18 ቀን 1928 ስቲምቦት ዊሊ የተባለው ፊልም በኒው ዮርክ ታየ። ሙዚቃውና ድምፁ ከሥዕሉ እንቅስቃሴ ጋር ተስማምቶ ስለ ተሠራ ሕዝቡ ተደነቀ። የሚኪንም ድምፅ ለብዙ ዓመታት የተናገረው ራሱ ዋልት ነው። ከዚህ ወዲያ የፈጠረው ነገር ሁሉ በራሱ ስም እንዲጻፍ ይጠነቀቅ ጀመር።

በ1932 አበቦችና ዛፎች የተባለውን አጭር ፊልም በሙሉ ቀለም አቀረበና የአካዳሚ ሽልማት አገኘ። በ1933 ሦስቱ ትንንሽ አሳማዎች የሚባለው ፊልም ወጣ፤ ያን ጊዜ አሜሪካ በታላቅ የኑሮ ችግር ላይ ስለ ነበረች፣ ቤቱን በጡብ የሠራው ታታሪ አሳማ ከተኩላ መዳኑ ለብዙ ሥራ አጥ ሰው መጽናኛ ሆነ። በ1937 ደግሞ አሮጌው ወፍጮ የተባለውን ሠራ። ይህ አጭር ፊልም ንግግር የለበትም፤ በአንድ በፈረሰ የነፋስ ወፍጮ ውስጥ የሚኖሩ ወፎችና ሌሎች እንስሳት የማዕበል ሌሊት እንዴት እንዳለፈላቸው ያሳያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ስኖው ዋይትና ሰባቱ ድንኮች ነው። በዚያ ዘመን ካርቱን ከዋናው ፊልም በፊት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ማሳሳቂያ ብቻ ነበር። ዋልት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ አንድ ሙሉ ታሪክ እሠራለሁ ባለ ጊዜ፣ የሆሊውድ ሰዎች እብደት ነው አሉ፤ ሚስቱና ወንድሙም ሊያስተዉት ሞከሩ። እርሱ ግን ቤቱን አስይዞ ተበደረ። ፊልሙ ሦስት ዓመት ያህል ጊዜና 1 ሚሊዮን ተኩል ያህል ዶላር ፈጀ። በዲሴምበር 21 ቀን 1937፣ ፈረንጆች ገናን ሊያከብሩ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ካርቱን አይቶ ያለቅሳል ተብሎ ያልታሰበው ተመልካችም አለቀሰ። የአካዳሚውም ሽልማት በልዩ ዓይነት፣ አንድ ትልቅና ሰባት ትንንሽ ሐውልት ሆኖ ተሰጠው።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው። ይኸው ፊልም በ1938 ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄድ፣ የዚያ አገር የፊልም መርማሪዎች ጠንቋይዋና ጫካው ሕፃናትን ያስፈራል በማለት ልጆች ከትልቅ ሰው ጋር ካልሆነ እንዳያዩት ወሰኑ። እንግዲህ በዓለም የታወቀው የቤተሰብ ፊልም እንኳ ሳይመረመር አልታለፈም። እኛ በሽፋን ቀለም የመረጥን ሰዎች ይህን ስናነብ ምን ያህል እንዳፈርን አንባቢ ይገምት።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን የመከራ ነበር። ዋልትና ሮይ ከፊልሙ ባገኙት ገንዘብ ለወላጆቻቸው ቤት ገዙላቸው፤ ነገር ግን በኖቬምበር 1938 ከማሞቂያው የወጣ መርዛም ጢስ እናታቸውን ገደላት። ዋልት ስለዚህ ነገር መናገር አይወድም ነበር። በ1940 ፒኖኪዮና ፋንታዚያ የተባሉት ታላላቅ ፊልሞች ሲወጡ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ገበያ ስለ ዘጋ ኪሳራ ሆኑ። በሜይ 1941 ደግሞ ሠራተኞቹ ደመወዛችን እኩል አይደለም፣ ስማችንም በፊልሙ ላይ አይጻፍም በማለት ሥራ አቆሙ። ዋልት ነገሩን በትዕግሥት ከመስማት ይልቅ የጠላት ሥራ አድርጎ ቆጠረውና ቂም ያዘ። በእርሱና በሠራተኞቹ መካከል የነበረው የቤተሰብ ፍቅር ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ብዙ እጅ አንድ ሆኖ የሠራውን ሥራ፣ ሕዝቡ የአንድ ሰው ስም ብቻ ይዞ ማመስገኑ ለብዙዎቹ መራራ ነበር። ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን፤ እኛ ግን ሠራተኞቹ የጠየቁት ተገቢ ነበር እንላለን።

ሌላም የማንደብቀው ጥፋት አለ። ሳንታ ስዎርክሾፕ የተባለው የ1932 የገና ካርቱን በጥቁር ሕዝብ መልክ የሚያሾፍ ቦታ ስለ ነበረበት በኋላ ዘመን ተቆርጦ ወጣ። የ1946 ሶንግ ኦፍ ዘ ሳውዝ ደግሞ የጥቁሮችን የመከራ ኑሮ የደስታ ኑሮ አስመስሎ በማቅረቡ ብዙ ተነቀፈ፤ ከ1986 ወዲህ በአሜሪካ ሲኒማ ቤት አልታየም። በሦስቱ አሳማዎችም ውስጥ ተኩላው የአይሁድ ነጋዴ መስሎ የሚመጣበት ቦታ ነበረ፤ እርሱም በ1948 ታርሞ ተሣለ። ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን ከኖሩበት ከወለቃ መንደር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀን የምንማር እኛ፣ ደግሞም ጥቁር አፍሪካውያን የሆንን እኛ፣ እነዚህን ነገሮች ቀልድ ናቸው ብለን ልናልፋቸው አንችልም። ሕፃን የሚያየውን ያምናል፤ በራሱ ቆዳ ላይ እንዲስቅ የሚያስተምረው ፊልም የቱንም ያህል ቀለሙ ቢያምር ለቤታችን አይሆንም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የዋልት ኑሮ ተቃና። በ1950 ሲንደሬላ ወጣችና ብዙ ገንዘብ አስገኘች። የሲኒማ ባለቤቶች ሁሉ ቴሌቪዥንን እንደ ጠላት ሲያዩት፣ እርሱ ግን ወዳጅ ሊያደርገው ወሰነ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 25፣ ይኸውም በፈረንጆች ገና ቀን፣ የመጀመሪያውን የአንድ ሰዓት የቴሌቪዥን ዝግጅት አቀረበ። በ1954 በየሳምንቱ የሚታይ ዝግጅት ጀመረ። በ1958 ደግሞ ሚኪና ጓደኞቹ ስለ ገና መልካም ምኞታቸውን የሚገልጹበት ዝግጅት ለሕዝብ ቀረበ። ይህ ዝግጅት በስዊድን አገር ከ1960 ጀምሮ በየዓመቱ በገና ዋዜማ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይታያል፤ አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ክፍል ተሰብስበው ስለሚመለከቱት የበዓሉ አንድ ክፍል ሆኗል። የበዓል ቀን የቤተሰብ ካርቱን ሥር የሰደደው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሌሎችም ተከተሉት፤ ለምሳሌ በ1965 የታየው የቻርሊ ብራውን ገና፣ በመካከሉ አንድ ትንሽ ልጅ ቆሞ የጌታን ልደት ከሉቃስ ወንጌል ስለሚናገር እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ይወደዳል።

ዋልት ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ዳያንና ሻሮን ይባላሉ፤ ሁለተኛይቱን በማደጎ አሳደጋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መናፈሻ ይዟቸው ይሄድ ነበር። ልጆቹ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ ሲጫወቱ፣ እርሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ ይጠብቃቸዋል። ያን ጊዜ ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ አለመኖሩ አሳሰበው። ከዚህ አሳብ የተነሣ በጁላይ 17 ቀን 1955 በካሊፎርኒያ ክፍለ አገር ዲስኒላንድ ተከፈተ። እኛም ከሰውየው ሕይወት ሁሉ ይልቅ ይህችን አግዳሚ ወንበር አሰብናት። ዋልት ዲስኒ ሥራውን የመዘነው ልጁ ብቻ ስትስቅ አይደለም፤ አባትየውም አጠገቧ ተቀምጦ ሳይሰለች ሊያይ ይገባል ብሎ ነው።

እጅግ ብዙ የአካዳሚ ሽልማት ተቀበለ፤ ይህን ያህል ያገኘ ሌላ ሰው የለም። ነገር ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያልተወው ሲጃራ ሳንባውን በካንሰር አስመታው። በዲሴምበር 15 ቀን 1966፣ 65ኛ ዓመቱን በደፈነ በ10ኛው ቀን ሞተ። ሲሠራበት የነበረው የጫካው መጽሐፍ የተባለው ፊልም ለሕዝብ የታየው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1967 ነው።

በእኛም አገር ልጆችን በቴሌቪዥን ፊት የሰበሰበ ሰው ነበረን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለልጆች ተረት መንገር ጀመሩ፤ ከ40 ዓመት በላይም ሠሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነው ሕፃኑ ብቻ አይደለም፤ በእርሳቸው ተረት ያደጉት ወላጆቻችንም ናቸው። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ፀሐይ መማር ትወዳለች የተባለው ዝግጅት በአማርኛ ለትንንሽ ልጆች ቀርቧል። ስለዚህ ጥሩ ነገር ሁሉ ከባሕር ማዶ ይመጣል ብለን ማሰብ የለብንም።

ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ ለዘንድሮው ገና እንዲህ ብለን ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ማንኛውንም ፊልም ለሰው ከማሳየታችን በፊት እስከ መጨረሻው ራሳችን እናያለን። ሁለተኛ፣ የምንመዝነው በአዳራሹ ውስጥ በሚቀመጠው በመጨረሻው ትንሽ ልጅ ዓይን ነው። ሦስተኛ፣ በማንም ሰው መልክ፣ ዘር ወይም ሃይማኖት የሚያፌዝ ፊልም አንቀበልም። አራተኛ፣ እንግሊዝኛ የማያውቁ እናቶቻችን ባዕድ ሆነው እንዳይቀመጡ፣ ንግግር የሌለበትን ወይም በአማርኛ የሚተረጎምበትን እንመርጣለን። አምስተኛ፣ ፊልሙ አጭር ይሁን፤ ገና ከቤተ ክርስቲያን፣ ከዘመድ ጥየቃና ከገና ጨዋታ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነውና።

በደንቡም መሠረት በአንድ የኮሚቴ አባል ቤት ሦስት ማታ ተሰብስበን፣ ስድስት ትንንሽ ልጆች አስቀምጠን ፊልሞቹን አየን። ፊልሙን ብቻ ሳይሆን የልጆቹንም ፊት እናይ ነበር፤ አንድ ልጅ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ የተሸሸገበትን ቦታ በደብተር ጻፍን። የመጀመሪያው ማታ መብራት ስለ ጠፋ በማግሥቱ እንደ ገና ጀመርን። ክርክሩም ቀላል አልነበረም፤ ከመካከላችን አንዳንዱ ልጅ ጥቂት ቢፈራ ይጠነክራል ሲል፣ ሌላው በበዓል ቀን ማስፈራት ምን ይጠቅማል ይል ነበር። በመጨረሻ አሮጌውን ወፍጮ፣ የታረመውን የሦስቱን አሳማዎች ፊልምና አንድ የፀሐይን ዝግጅት መረጥን። የአሳማዎቹን ታሪክ አንድ ተማሪ በድምፅ ማጉያ በአማርኛ ሊተርክ ተስማማ።

የተወሰነው ማታ ደረሰ። ብርዱ ብርቱ ነበር፤ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ አዳራሹን ሞላው። በአሮጌው ወፍጮ ላይ ማዕበሉ ሲነሣ አንድ ሁለት ልጆች ወደ እናቶቻቸው ተጠጉ፤ ነገር ግን ያለቀሰ የለም፤ ነግቶ ወፎቹ ከነጫጩቶቻቸው ደኅና መሆናቸው ሲታይ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ተነሥቶ የወጣ ቤተሰብ አልነበረም።

ሲያልቅ እነዚያ ያለፈው ዓመት አሮጊት በዱላቸው ተደግፈው ወደ እኛ መጡ። ደንግጠን ቆምን። እርሳቸው ግን እነዚያን ወፎች የሣለው ማን እንደ ሆነ ጠየቁን። ብዙ ሰዎች ተባብረው እንደ ሣሏቸው፣ የሁሉም አለቃ በልጅነቱ ሌሊት ጋዜጣ ሲያድል ያደገ አንድ ሰው እንደ ነበረ ነገርናቸው። እርሳቸውም ታሪኩን በሙሉ ሊሰሙ ፈለጉ፤ ሰዓቱ ግን መሽቶ ነበርና ጽፈን እንደምናቀርብ ቃል ገባን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ቃል ፍጻሜ ነው። ለትምህርት ቤታችንም መልካም የምሥረታ በዓል እንመኛለን፤ ከእኛ በኋላ በኮሚቴው ለሚተኩት ታናናሾቻችንም ደብተሩን አስረክበናል።